ለድሮ ጌሞች የትኛው የእጅ ኮንሶል ይሻላል? ጎጃም ላለ ተጫዋች የተዘጋጀ ንጽጽር

ያገለገለ የእጅ ኮንሶል ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚደርሰው፤ ጌም የለውም፣ ቻርጀሩ ጠፍቷል፣ ሚሞሪ ካርዱም ወይ አልመጣም ወይ ከጥቂት ፎቶ በላይ አይይዝም። የተቀባዩ ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «የድሮ ጌሞችን እንዲያጫውት ማድረግ ይቻላል ወይ?» ይቻላል። ይሁን እንጂ ዕቃው ገና ካልተገዛና ዘመድ «የትኛውን ላምጣልህ?» ብሎ ከጠየቀ፣ አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ጉዳይ የትኛው ኮንሶል በእኛ ሁኔታ ሳያስቸግር ለዓመታት ያገለግላል የሚለው ነው።

በኢንተርኔት የሚገኙት ንጽጽሮች በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይጀምራሉ። መብራት በማይቋረጥበትና የተበላሸ ዕቃ በሁለት ቀን በሌላ በሚተካበት አገር ይህ ተገቢ መነሻ ሊሆን ይችላል። መብራት ማታ ሄዶ ጠዋት በሚመለስበት፣ ኢንተርኔት በፈለጉት ሰዓት በማይገኝበት፣ መለዋወጫም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ በሚፈለግበት በጎጃም ግን ፍጥነት የሚታየው በመጨረሻ ነው። ከእርሱ በፊት ኮንሶሉ በምን ቻርጅ እንደሚደረግ፣ ምን ዓይነት ሚሞሪ ካርድ እንደሚቀበል፣ እንዲሁም ለመክፈትም ሆነ ከብልሽት በኋላ እንደገና ለማስተካከል ኢንተርኔት የግድ ይፈልግ እንደሆነ መታየት አለበት። እኔ ለራሴም ሆነ ለወንድሞቼ ልጆች ስመርጥ የምመዝነው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው፤ ይህም ንጽጽር የቆመው በእነርሱ ላይ ነው።

መክፈት ሲባል ምን ማለት ነው?

ኢሙሌተር የአንድን የቆየ ማሽን አሠራር በሌላ ማሽን ላይ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሮም የሚባለው ደግሞ የድሮው ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘው ተሰኪ ሣጥን) ይዘት ወደ ፋይል ተገልብጦ የተቀመጠበት ነው። አንዳንድ ማሽኖች፣ ለምሳሌ ፕሌይስቴሽን 1፣ ሲነሱ የሚያነቡት ባዮስ የተባለ ፋይል አላቸው፤ ብዙ ኢሙሌተሮችም ይህን ፋይል ይጠይቃሉ። ሶኒና ኒንቴንዶ ኮንሶሎቻቸውን የሠሩት ራሳቸው ያልፈረሙበትን ፕሮግራም እንዳያስነሱ አድርገው ስለሆነ፣ ኢሙሌተር ለመጫን አስቀድሞ ይህን መቆለፊያ የሚከፍት ካስተም ፈርምዌር መጫን ያስፈልጋል፤ ፈርምዌር የኮንሶሉ ዋና ሲስተም ሲሆን፣ ካስተም የሚባለው በሌሎች ሰዎች የተሻሻለው ነው። በጌም ቤቶች «ክራክ የተደረገ» የሚባለው ይኸው ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር ከሠራው ከኮኔክቲክስ ኩባንያ ጋር ባደረገው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2000 ወስኗል፤ ጌሙና ባዮሱ ግን የባለመብቶቻቸው ናቸው፣ በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ እዚህ የምናገረው በእጅ ካለ ዲስክና ካርትሪጅ ስለተገለበጡ ጌሞች፣ እንዲሁም አዘጋጆቻቸው በነፃ ስለለቀቋቸው ነው። የኋለኞቹ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ብዙ ናቸው፤ ለጌም ቦይ ዛሬም አዳዲስ ጌሞች ይሠራሉ።

ፒኤስፒ፦ የቆየው፣ ግን ለእኛ የተመቸው

ሶኒ ፒኤስፒን በጃፓን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነውን ዕቃ ዛሬ ለሰው መምከር ሊያስገርም ቢችልም፣ በሦስቱም መመዘኛዎች የሚያልፍ ሌላ የታወቀ ብራንድ ለማግኘት እቸገራለሁ። የሚጠቀመው 5 ቮልት ስለሆነ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ክብ ሶኬት ባለው ርካሽ ገመድ ከፓወር ባንክ ላይ ቻርጅ ይደረጋል፤ 2000 እና 3000 የተባሉት ሞዴሎች ደግሞ በዩኤስቢ ገመዳቸው በኩልም ይሞላሉ። የ1000፣ የ2000 እና የ3000 ሞዴሎች ባትሪ ያለ ዊንች፣ በጥፍር ብቻ ተከፍቶ ይወጣል። በእጅ ከሚያዙት ኮንሶሎች መካከል ይህን ያህል ቀላል የሆነ ጥቂት ነው፤ ባትሪ ሁልጊዜ ከቀሪው አካል ቀድሞ የሚሞት በመሆኑም ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ለመክፈትም ከሁሉም የቀለለ ነው። ኮንሶሉ ኦፊሴላዊ ፈርምዌር 6.60 ወይም 6.61 ላይ ካለ፣ እንደ አርክ 4 ያለውን ካስተም ፈርምዌር የያዙትን ፎልደሮች በኮምፒውተር ሚሞሪው ላይ ኮፒ አድርጎ ከኮንሶሉ ማውጫ ማስነሳት ይበቃል። ፋይሎቹ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆኑ ኢንተርኔት የሚሠራበት ቀን ባሕር ዳር ወርዶ በፍላሽ ይዞ መመለስ ይቻላል፤ ኮንሶሉ ራሱ ዋይፋይ አያስፈልገውም። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ቋሚ ያልሆነው አጫጫን ኮንሶሉ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ያንኑ ፕሮግራም ከማውጫው እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። ይህን በደንብ ያልተረዱ ሰዎች «ክራኩ ጠፋ» ብለው ለጠጋኝ እንደገና ሲከፍሉ አይቻለሁ። ሥራው ግን የአንድ ደቂቃ ነው፤ ቋሚ የሚያደርጉትም ዘዴዎች አሉ።

ስለሚያጫውተው ነገር በሐቅ መናገር ይገባል። ፕሮሰሰሩ እስከ 333 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ በዚህ ፍጥነት የመጀመሪያው ኒንቴንዶ፣ ጌም ቦይና ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ጌም ቦይ አድቫንስም በአብዛኛው ጥሩ ነው። ሱፐር ኒንቴንዶ ግን ይከብደዋል፤ ብዙ ጌሞች አንዳንድ ምስል እየዘለሉ ካልሆነ በሙሉ ፍጥነት አይሄዱም፣ በካርትሪጃቸው ውስጥ ተጨማሪ ቺፕ የነበራቸው ደግሞ ይንገዳገዳሉ። ኒንቴንዶ 64ን በዚህ ኮንሶል ማሰብ ጊዜ ማጥፋት ነው። በሌላ በኩል ፕሌይስቴሽን 1 ከሁሉም የተሻለ ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚጠቀመው ሶኒ ራሱ በፈርምዌሩ ውስጥ ያስቀመጠውን፣ ፖፕስ የሚባለውን ኢሙሌተር ነው። ጌም ቤት ተቀምጦ ያደገው ትውልድ የሚናፍቃቸው የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ከሆኑ ጉዳዩ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

ከሞዴሎቹ መካከል 1000 የሚሠራው በ32 ሜጋባይት ራም ሲሆን 2000 እና 3000 በ64 ናቸው፤ ትርፉ ራም ለኢሙሌተሮች ስለሚጠቅም ሁለቱን ማስቀደም ይሻላል። የ3000 ስክሪን ቀለሙ የደመቀ ነው፣ ሆኖም ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታዩበታል፤ ለእኔ ዓይን ይህ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚረሳ ነገር ነው። ስትሪት የሚባለው ኢ1000 ዋይፋይ የለውም፣ ድምፁም በአንድ ስፒከር ብቻ ነው፤ ለኢሙሌሽን ግን ዋይፋይ ስለማያስፈልግ በርካሽ ከተገኘ አይናቅም። ፒኤስፒ ጎ ቆንጆ ቢሆንም የሚቀበለው ኤም2 የተባለ ለማግኘት የሚያስቸግር ካርድ ስለሆነና ለብቻው የተሠራ የቻርጅ ገመድ ስለሚፈልግ፣ ገመዱ የጠፋ ቀን ከጌጥነት አያልፍም።

ቪታ፦ ካርዱ ከተፈታ ምርጡ

የፒኤስፒ ተተኪ የሆነው ቪታ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በጃፓን ወጣ። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰሩና 512 ሜጋባይት ራሙ ሱፐር ኒንቴንዶን ያለ ጭንቀት ያስኬዳሉ፤ አድሬናሊን የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ቪታን ራሱን ወደ ፒኤስፒ ስለሚለውጠው፣ ከዚያ ውስጥ የፒኤስፒም የፕሌይስቴሽን 1ም ጌሞች ይሠራሉ። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ፒክስል፣ የቪታው ደግሞ 960 በ544 ስለሆነ፣ ምስሉ በቁመትም በወርድም በትክክል እጥፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፊደሉም አይደበዝዝም።

ችግሩ ካርዱ ላይ ነው። ሶኒ ለቪታ ብቻ የሚሆን፣ ውድና ዛሬ ለማግኘት የሚያስቸግር ሚሞሪ ካርድ ነበር ያዘጋጀለት። ከከፈቱት በኋላ ግን ኤስዲ ቱ ቪታ የሚባል ትንሽ አስማሚ በጌም ካርዱ ቦታ ገብቶ ተራ ማይክሮ ኤስዲ እንዲቀበል ያደርገዋል። ስለዚህ ዘመድ ቪታ ሊያመጣ ከሆነ አስማሚውንም አብሮ እንዲያመጣ አጥብቆ ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ በሱቆቻችን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 2000 ሞዴል በማይክሮ ዩኤስቢ፣ ማለትም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ባለው የድሮ ስልክ ገመድ፣ ቻርጅ ይደረጋል፤ ለመጀመር የሚበቃ 1 ጊጋባይት የውስጥ ማከማቻም አለው። የቀደመው 1000 ኦሌድ ስክሪኑ የሚያምር ነው፣ ነገር ግን ገመዱ የራሱ ነው፣ የውስጥ ማከማቻም የለውም። ለውበት ሲባል 1000ን የመረጠ ሰው ገመዱን እንደ ቤቱ ቁልፍ ይጠብቅ።

አከፋፈቱ ከፒኤስፒ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ3.60 እና በ3.65 ፈርምዌር ላይ ኤንሶ የተባለውን ቋሚ ዘዴ መጫን ስለሚቻል፣ ከዚያ በላይ ያለ ኮንሶል አስቀድሞ በጊዜያዊ ዘዴ ተከፍቶ ወደ 3.65 ዝቅ ይደረጋል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቁጥር በታች ግን አይወርድም። ለዚህ ሁሉ ዋይፋይ፣ እንደ ዘዴውም ኮምፒውተር ስለሚያስፈልግ፣ ኢንተርኔቱ ጤነኛ የሆነበትን አንድ ቀን መርጦ ሥራውን በዚያው መጨረስ ይሻላል። ኤንሶ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ኒንቴንዶ 3ዲኤስ፦ «ኒው» ማለት አዲስ ማለት አይደለም

ይህ ንዑስ ርዕስ ቀልድ አይደለም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 3ዲኤስን ካወጣ በኋላ በ2014 «ኒው ኒንቴንዶ 3ዲኤስ» የሚባል የተለየ ሞዴል ለገበያ አቀረበ፤ «ኒው» የስሙ አካል ነው። የመጀመሪያው 268 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 128 ሜጋባይት ራም ሲኖረው፣ ኒው የተባለው 804 ሜጋኸርዝና 256 ሜጋባይት አለው። ሻጭ «ኒው ነው» ሲል አዲስነቱን ይናገር ወይስ ሞዴሉን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በቀኝ በኩል ከአራቱ ቁልፎች በላይ ትንሽ ግራጫ የጎማ ጆይስቲክ መኖሩን ማየት ነው። ሱፐር ኒንቴንዶና ፕሌይስቴሽን 1 ለሚፈልግ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 1ን መሞከር አያዋጣም።

3ዲኤስ ማንም የማይወዳደረው በአንድ ነገር ነው፦ የኒንቴንዶ ዲኤስ ጌሞች በኢሙሌተር ሳይሆን በራሱ አካል ላይ፣ በሁለቱም ስክሪን፣ በእስክሪብቶው እየተነኩ ይሠራሉ። ጌም ቦይ አድቫንስም እንዲሁ በውስጡ ባለው ሃርድዌር በቀጥታ ሊነሳ ይችላል። አከፋፈቱም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቦት ናይን ስትራፕ በተባለው ዘዴ ቋሚ ሆኗል። የኒንቴንዶ የኦንላይን መደብር ለ3ዲኤስ ሽያጭ ያቆመው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ስለሆነ፣ ካልተከፈተ 3ዲኤስ ላይ አዲስ ነገር ለማግኘት ካርትሪጅ መግዛት ብቻ ነው የቀረው፤ ካርትሪጅ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይሸጥም።

እንቅፋቱ ቻርጀሩ የራሱ ልዩ ጫፍ ያለው መሆኑና በጃፓን የተሸጠው በጃፓንኛ ብቻ መነሣቱ ነው፤ ሁለተኛው ከተከፈተ በኋላ ሊስተካከል ይችላል። የሚታጠፈው ማጠፊያውም ቶሎ ይላላል። ለልጅ የሚገዛ ከሆነ የማይታጠፈው፣ ጠፍጣፋው 2ዲኤስ መውደቅን ይችላል፤ መልኩ ግን አያምርም።

ስዊች፣ የቻይና ኮንሶሎችና ስልክ

ኒንቴንዶ ስዊች ከሁሉም ኃይለኛ ነው፣ ለዚህ ዓላማ ግን አልመክረውም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ በተገኘ ስህተት ምክንያት ያለ ብየዳ የሚከፈቱት እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ በፊት የተሠሩት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሙሉ በሙሉ በጠፉ ቁጥር በኮምፒውተር ወይም በስልክ በኩል እንደገና መነሣት ይፈልጋሉ። የኋለኞቹ ቺፕ መበየድ ይጠይቃሉ፤ ለዚያ የሚሆን ማይክሮስኮፕና እጅ ያለው ባለሙያ በቅርብ ካልተገኘ ገንዘብን አደጋ ላይ መጣል ነው። የተከፈተውንም ኒንቴንዶ ከኦንላይን አገልግሎቱ ሊያግደው ይችላል።

እንደ አንበርኒክ አርጂ35 ኤክስኤክስና ሚዩ ሚኒ ፕላስ ያሉት የቻይና ኮንሶሎች በሊኑክስ ላይ የተሠሩና ከመጀመሪያው ለኢሙሌሽን የታሰቡ ስለሆኑ የሚከፈት መቆለፊያ የላቸውም። መክፈት ሲቀር ማሻሻል ግን ይቻላል፤ አብሮ የመጣውን ሲስተም እንደ ኦኒየን ወይም ሙ ኦኤስ ባለው መተካት ማውጫውን ያቀላል፣ ሴቭ አደራረጉንም (ጌሙ የደረሰበትን ቦታ ማስቀመጡን) ያስተካክላል። በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ፤ ከፈጣን ቻርጀር ይልቅ ተራውን 5 ቮልት መጠቀም ይመረጣል። ስክሪናቸው 640 በ480 ፒክስል ሲሆን፣ አብዛኞቹ የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች በሚሠሩበት በ320 በ240 ላይ እጥፍ ሆኖ ይገጥማል። በእኔ ግምት፣ ከዚህ በፊት ኮንሶል ነክቶ ለማያውቅና አዲስ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ፒኤስፒን የሚያስንቅ አማራጭ ይህ ብቻ ነው። ጉድለቱ የፒኤስፒ ጌሞችን ሲያስነሳ መድከሙ ነው።

ስልክ አስቀድሞ በእጅ ስላለ ምንም አያስወጣም፤ ሬትሮ አርክና ፒፒኤስኤስፒፒ የተባሉት የኢሙሌተር ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፣ አንድ መካከለኛ አንድሮይድም ከፒኤስፒ እጅግ ይፈጥናል። ሆኖም በስክሪን ላይ በጣት መዝለልና መተኮስ አድካሚ ስለሆነ የብሉቱዝ ጆይስቲክ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ማታ የስልክን ባትሪ በጌም ጨርሶ ጠዋት ሳይደዋወሉ መቅረትም አለ።

ሚሞሪ ካርዱ

ብዙ ሰው ገንዘቡን ኮንሶሉ ላይ አውጥቶ ካርዱን ካገኘው ቦታ ይገዛል፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ተቀጥቻለሁ። 64 ጊጋባይት የተጻፈበት ማይክሮ ኤስዲ ገዝቼ፣ የእህቴ ልጅ ለሦስት ሳምንት የተጫወተበትን ሴቭ ጭምር ከላዩ ላይ ሞላሁበት። ከዚያ ጌሞቹ አንድ በአንድ መነሣት አቆሙ። ካርዱ በእውነቱ 8 ጊጋባይት ነበር፤ ከ8 በላይ የተጻፈው ሁሉ የቀደመውን እየደመሰሰ ነበር የሚቀመጠው። ልጁ ለአንድ ወር ያህል አላናገረኝም፣ እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ካርድ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሳልፈትሽ አልጠቀምም፤ ፕሮግራሙ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያሳያል። ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ መብራት እንደማይጠፋ ተስፋ በሚደረግበት ሰዓት፣ በላፕቶፕ መሥራቱ ይመረጣል።

ትልቅ ካርድ የግድ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የሱፐር ኒንቴንዶ ትልቁ ጌም 6 ሜጋባይት፣ የጌም ቦይ አድቫንስ ቢበዛ 32 ሜጋባይት ነው። ቦታ የሚበላው እስከ 700 ሜጋባይት የሚደርሰው የፕሌይስቴሽን 1 ዲስክና እስከ 1.8 ጊጋባይት የሚይዘው የፒኤስፒ ዲስክ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ከሐሰተኛ 128 እጅግ ይበልጣል።

ፒኤስፒ የሚቀበለው ሚሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱዎ ስለሆነ ማይክሮ ኤስዲን በአስማሚ መጠቀም የተለመደ ነው። ሁለት ካርድ የሚቀበለውን አስማሚ ትቶ ባለ አንዱን መውሰድ ያዋጣል፤ ባለ ሁለቱ እያንዳንዱን ፋይል ለሁለት ከፍሎ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ካርድ ሲበላሽ የሌላውም ይጠፋል። ፎርማቱንም ፒኤስፒው ራሱ እንዲያደርገው መተው ጥሩ ነው። ለ3ዲኤስ ደግሞ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ ከሱቅ ሲመጣ በኤክስፋት ፎርማት ስለሚሆን ወደ ፋት32 መለወጥ ያስፈልጋል። በማናቸውም ኮንሶል የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል አጭር አድርጎ መተው ችግር ያስወግዳል። ሴቭ ያሉበት ፎልደር በወር አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ፍላሽ ይገልበጥ።

ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ማየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር ባትሪው ነው። በፒኤስፒ የኋላ ክዳኑ ቀጥ ብሎ ካልገጠመ ወይም ካበጠ ባትሪው እያበጠ ነው፤ ባትሪውን ወዲያው አውጥቶ ዋጋውን ከአዲስ ባትሪ ጋር ማስላት ይገባል፣ መውጋትና መጫን ግን አደገኛ ነው። ቀጥሎ ጆይስቲኩ ሳይነካ ማውጫው በራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መታየት አለበት። ሚሞሪ ካርዱ ገብቶ መነበቡን፣ የቻርጅ መብራቱ ገመዱን ሲያወዛውዙት አለመቋረጡን፣ የፈርምዌሩንም ቁጥር በሴቲንግ ውስጥ ማየት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። «ክራክ ተደርጓል» የተባለ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደገና በማስነሳት ኢሙሌተሩ አሁንም መከፈቱን ሻጩ ራሱ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው፤ ካልተከፈተ ቋሚ አይደለም፣ ዋጋውም ቋሚ የሆነውን ያህል ሊሆን አይገባም።